ቁልፍ መረጃ ሰጪ

ለፀጉር አስተካካዩ «በሬ ወለደ» ማለት ያንሰዋል፤ እሱ የሚያወራው በሬ መንታ ይወልዳል፣ አንደኛው ጥጃም በማግስቱ ፀጉሩን ሊስተካከል ይመጣል። መንገዱ በሙሉ ይህን ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው እሱ ዘንድ የሚመጣው ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለጆሮው ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሥጋ ሻጩን ጉሮሮ እየላጨ ሳለ፣ ተራ የሚጠብቀው ሹፌር ከአግዳሚው ሥር የታጠፈ ወረቀት አነሣ። ሹፌሩ ንባብ ላይ እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ እስኪነሣ ይንተፋተፋል፣ ከተነሣ ግን ፍሬን የለውም።

«ቁ... ቁልፍ መረጃ ሰጪ» አለ። «ቁልፍ መረጃ ሰጪ፦ ፀጉር አስተካካዩ። በቀን ከሠላሳ ሰው በላይ ያገኛል። ማንም ሰው እሱ ፊት ሲያወራ አይጠነቀቅም።»

ምላጩ ቆመ።

ወረቀቱ የማን እንደሆነ አስተካካዩ ወዲያው ገባው። የእህቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተግባቦት የሚባል ትምህርት ትማራለች። ለመመረቂያዋ ወሬ እንዴት እንደሚጓዝ ልታጠና ሦስት ወር ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ከርማለች።

«አጎቴ፣ ሁለት መንገድ አለ» ብላው ነበር። «አንዱ መጠይቅ በትኖ መልሱን መቁጠር ነው። ሌላው ሰው መሀል ቁጭ ብሎ ማየትና ማዳመጥ። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ።»

«ሒሳብ ስለማትችዪ ነዋ።»

ሳቀችና አንድ አደራ ጣለችበት፦ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ፈቃድ እንዲጠይቅላት። እሱ ግን ለቀልድ ብሎ «ሙያ ልትማር ነው የመጣችው፤ መጀመሪያ የምትላጨውም ሥጋ ሻጩን ነው» ብሎ አስወራ። ለእሷ ደግሞ «ሁሉም እሺ ብለዋል» አላት።

ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው በያጅ እስኪወሰድ ድረስ ቀልድ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የማዘጋጃ ቤቱን በር የሠራውን ያን በያጅ የጸጥታ ሰዎች ጠርተው አራት ቀን አቆዩት። ከተመለሰ ጀምሮ ምን ጠየቁህ ሲሉት ጣሪያ ጣሪያ ከማየት በቀር አንድ ቃል አይወጣውም። መንገዱም ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረው፦ የጠቆመው ማነው?

«ወንድሜ» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ያንን ነገር ከጉሮሮዬ ላይ አንሣልኝ።»

በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ኮርማ በአንድ ቡጢ ይጥላል የሚባለው ሥጋ ሻጭ አረፋው ሥር አመድ መስሏል፤ ምላጭ የያዘው ሰውዬ ደግሞ ወንበሩን ተደግፎ ቆሟል። ሹፌሩ ተነሥቶ በሩን ቀረቀረ።

«የእህቴ ልጅ የትምህርት ወረቀት ነው» አለ አስተካካዩ። «ስለ ወሬ ነው የምታጠናው።»

«ሙያ ልትማር ነው አላልከንም?»

«ውሸቴን ነበር።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለ ሹፌሩ። «የትኛው ውሸት እንደሆነ ነው የቸገረን።»

አስተካካዩ ሃያ ዓመት ሙሉ እውነት ተፈልጋበት አታውቅም፤ ዛሬ ቢጠራት አድራሻዋ ጠፋው። የሚያመልጥበት የኋላ በር አለ እንዳይል የለም፤ አለ ብሎ ያወራው ራሱ ነው።

በሩ ተንኳኳ። የእህቱ ልጅ ናት፤ ወረቀቷን ፍለጋ ሮጣ መጥታ ታለከልካለች። ሹፌሩ አስገባትና መልሶ ቀረቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ መረጃ ሰጪ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ለጥናቴ የሚጠቅም ነገር የሚነግረኝ ሰው ነው» አለች። «የማንንም ስም አልጻፍኩም። አማካሪዬ ብቻ ነው የሚያየው።»

«ማዕረጉ?»

«ረዳት ፕሮፌሰር።»

«እሱ ረዳት ከሆነ ዋናው ማነው?»

ልትስቅ ነበር፤ መቀርቀሪያውን ስታይ ተወችው። «ፈቃድ ሰጥታችሁኝ የለም እንዴ?» ብላ ወደ አጎቷ ዞረች። አጎቷ መሬት መሬት ያያል።

«ስትጽፊበት የከረምሽውን ደብተር ስጪኝ» አለ ሹፌሩ። «ወሬ ከሆነ ወሬውን እናየዋለን።»

ሰጠችው። «ዘጠነኛው ይቅር» አለች ቀስ ብላ።

ሹፌሩ ማንበብ ጀመረ። «ወሬ አንድ። የከንቲባው ዊግ ከዚህ ቤት ጥራጊ የተሠራ ነው። ከአስተካካዩ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን በሥጋ ሻጩ በኩል ሲመለስ ዊጉ ቅማል አፍርቷል።» ሥጋ ሻጩ አረፋው ሥር ፈገግ ሊል ቃጣው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተነበበ። ይህ ጠቋሚ የሚጽፈው ነገር አይደለም። አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠና ዳንኩ አለ በልቡ።

«ወሬ ዘጠኝ። በያጁ የማዘጋጃ ቤቱን በር ከውጭ ብቻ እንዲከፈት አድርጎ በይዶታል፤ አንድ ቀን ከነከንቲባው ይዘጋባቸዋል። ከአስተካካዩ ተነሣ። በቀስት ወደ ሥጋ ሻጩ። ከሥጋ ሻጩ በቀስት ወደ ሹ...» ቆመ።

«ጨርሰው» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ወደ ሹፌሩ። ከሹፌሩ፣ ከፊት ወንበር ወደተሳፈረ የማዘጋጃ ቤት ጥበቃ። ወሬው አልተመለሰም። በሁለተኛው ቀን በያጁ ተወሰደ።»

«ለጥበቃው መንገርህን እዚሁ ተቀምጠህ ነው ያወራኸው» አለች ልጅቷ።

«ሳቀ እኮ» አለ ሹፌሩ። «ስነግረው ሳቀ።»

ጠቋሚ የሚባል ሰው አልነበረም። ሦስት ሰው በሳቅ ተቀባብሎ አደረሰው። አሁን ማንም ማንንም አይፈራም፤ ሁሉም የፈራው ራሱን ነው።

«ገጿ ትቀደድ» አለ ሥጋ ሻጩ። «ከአራታችን በቀር ማን አየ?»

«እኔ እንደሆነ ካለ ፈቃድ የሰበሰብኩትን አላስረክብም» አለች ልጅቷ። «የሦስት ወር ሥራዬ ቀርቷል።»

ሁሉም አስተካካዩን አዩት። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ሽርጡን ፈታ፣ ገጿን ከደብተሩ ገንጥሎ መንገዱን ተሻገረ፤ ያቺ አሥር እርምጃ አሥር ቀን ፈጀችበት።

በያጁ ብልጭታውን አቁሞ የፊት መሸፈኛውን አነሣ።

«በሩ ከውጭ ብቻ ነው የሚከፈተው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ አስተካካዩ። «ፈጥሬ ነው።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨመረበትም።

በያጁ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ቀስቶቹን በጣቱ ተከተላቸው። 

«አራት ቀን ሙሉ ከውስጥም ይከፈታል አልኳቸው» አለ፤ ድምፁ የዛገ ነበር። «በሩ እዚያው ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ አልሞከረውም።»

 አስተካካዩ፣ በያጁ «ሂድ» ለማለት መሸፈኛውን መልሶ እስኪያወርድ ቆሞ ጠበቀ። በያጁ አላወረደውም።