ያልተቃጠሉ ጆንያዎች

በኮኪት ጆንያ የተቀደደበት ሰው ሁሉ የሚሄደው ኩብራ ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በጆንያ መርፌዋ ነው። ነጋዴው ዘሩ ግን የሚያመጣላት የሚጠገን አይደለም። ሙሉ ሙሉ ጆንያ ሰሊጥ ያራግፍና ወደ አዲስ ገልብጣ አሮጌዎቹን እንድታቃጥል ያዛታል። ከዚያ ሰሊጡ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ይገባል።

እስቲ አሁን ደህና ጆንያ ማን ያቃጥላል? ሌባ ካልሆነ በቀር ማንም። ኩብራም ይህ አልጠፋትም። ሁለት መኸር ሙሉ ግን የጆንያውን አፍ ስትሰፋ የራሷንም አብራ ሰፍታ ኖረች፤ ሥራው እንዳይቀርባት ፈርታ። ማቃጠሉን ብቻ እጇ እምቢ አላት። ለእራፊ ይሆናሉ ብላ አልጋዋ ሥር ከተተቻቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ዘሩ ስድስት ጆንያ አራግፎ ሲሄድ፣ አንዱ ጎን ላይ አረንጓዴ እራፊ አየች። የገዛ ሻሿ ቁራጭ ነው፤ ባለፈው ወር ለአሰፋች የለጠፈችላት። አሰፋች ከጎጃም ለአረም መጥታ ሦስት ዓመት በሰው እርሻ ስትጎብጥ ኖራ፣ ዘንድሮ ገና ገበሬ ማኅበሩ መሬት የሰጣት ናት። የመጀመሪያ ምርቷ ከአውድማ የተሰረቀው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ኩብራም አብራት አልቅሳ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዘሩ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዞ ይመጣል። መርፌዋን አስቀመጠችና አልጋው ሥር ያሉትን ባዶ ጆንያዎች ጎትታ አወጣች፤ ተሸክማ ሄዳ ገበሬ ማኅበሩ ደጅ፣ ዋርካው ሥር አነጠፈቻቸው። ለሊቀመንበሩ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች፤ ራሷንም አላስቀረችም። ዘሩ መኪናውን ይዞ ቤቷ ሲደርስ የጠበቁት ጫኞች ሳይሆኑ ታጣቂዎች ነበሩ።

ባለቤቶቹ እየመጡ ጆንያቸውን ለዩ። ሰሊጣቸው ግን የለም፤ ከሄደ ቆይቷል። አንዳንዱ ረገማት፣ አንዱ ፊቷ ላይ እንትፍ አለ። ማኅበሩም የመጪውን መኸር ጆንያ ሁሉ ያለ ክፍያ እንድትጠግን ፈረደባት።

በሳምንቱ አሰፋች መጣች። ስድስቱ ጆንያ ሰሊጥ ተመልሶላታል። ኩብራ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። አሰፋች ባለ አረንጓዴ እራፊውን ጆንያ ጭኗ ላይ አኖረችላት፤ ታጣቂዎቹ ሲጎትቱት ሌላ ጎኑ ተቀዷል።

«እትየ ኩብራ፣ ለከርሞም በዚህ ነው የምከተው» አለቻት። «ይድፈኑልኝ። እራፊዎን ሳየው የኔ መሆኑን አውቀዋለሁ።»

ኩብራ አለቀሰች። ከዚያ የሻሿን ትራፊ ፈልጋ አወጣችና መርፌዋን አነሳች።