የዘመሜ ግድግዳ

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው፣ አጎቴ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሀል ቆመና፣ «ይሄ ግድግዳ ይፈርሳል» አለ።

ሳሎኑን ከወጥ ቤቱ የሚለየውን ግድግዳ ማለቱ ነው። ወንድሜ ወታደር ከመሆኑ በፊት በብሎኬት የገነባው የመጨረሻ ሥራው ነው። በአንድ ጫፉ በር አለው። በሌላው ጫፉ ከቤቱ አሮጌ ግድግዳ ጋር ይገናኛል፤ እታች ማለቴ ነው። ኮርኒሱ ጋ ሲደርሱ ግን አራት ጣት ይራራቃሉ። እማዬ ክፍተቱ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቃበታለች። አጎቴ ያንን ጋዜጣ ባየ ቁጥር እንደ ሰካራም ወደ ጎን ዘመም ብሎ ያሾፍ ነበር። ወንድሜን «ዘመሜ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ስሙ መጀመሪያ ሰፈሩን ያዘ፤ ቀጥሎ እስከ ጦሩ ድረስ ተከተለው። ወንድሜም ዘመሜ ሲሉት «አቤት!» ይል ነበር፤ ያውም እየሳቀ።

«እሁድ የጦር ክፍሉ አዛዥና ጓደኞቹ ሊጠይቁን ይመጣሉ» አለ አጎቴ። «የመሐንዲስ ጦር ሰዎች ናቸው። ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ነው። የጀግና ቤት ብለው ገብተው በልጁ ሥራ ሲጠቃቀሱ ቆሜ ልይ?»

ከሞተ ወዲህ አጎቴ ከ«ጀግናው» ሌላ ስም አይጠራለትም። ዘመሜ የሚባለውን ስም ከቤት አስወጥቶታል። ስለ ወንድሜ መሳቅም አብሮ ወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሜ ከጠመንጃ ይልቅ አካፋ የያዘበት ጊዜ የሚበዛ ወታደር ነው። የተመታው የፈረሰ ድልድይ ሲጠግኑ፣ ፌሮ እያሰረ ሳለ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። የላኩልን ፎቶ ላይ ቆቡን እስከ ቅንድቡ አጥልቆ ኮስተር ስላለ የሌላ ሰው ልጅ ይመስላል። ቤታችን ውስጥ እሱን የሚመስለው ነገር ያ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቢቀርስ?» አልኩ።

«አንተ ደግሞ! መስኮቱ ላይ በቅለህ ትውላለህ፤ እስቲ ውረድና ብሎኬት አመላልስ» አለኝ። «እኔ ይሄን ቤት ስሠራ ክር አላልኩ፣ ውሃልክ አላልኩ። በዓይኔ! ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ ካቦ የነበርኩት በከንቱ መሰለህ?» ይህን ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

እማዬ ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች። አጎቴ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አባታችን ሲሞት በዚህ ቤት አስጠግቶ ያሳደገን እሱ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት አትከራከረውም።

«እማዬ፣ ሲያፈርሰው ዝም ልትይ ነው?»

አንድ ኩባያ ውሃ ቀድታ ወለሉ ላይ ደፋችው። «ወዴት እየሄደ ነው?» አለች።

ውሃው ምንም ሳያመነታ ወደ አሮጌው ግድግዳ ሄዶ ተኛ።

«ስጠርግ የኖርኩት ከዚያው ጥግ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የዘመመው ያንተ ወንድም ግድግዳ አይደለም። ቤቱ ነው።»

ጥጉ ላይ የተኛውን ውሃ አየሁ፤ ቀና ብዬ ክፍተቱ ውስጥ ያለውን ጋዜጣ አየሁ።

«ሠርቶ የጨረሰ ለት ቱንቢ፣ ያን ብረት የተንጠለጠለበት ክር፣ ጥሎ ለካው። ከዚያ እዚህ እቃ ማጠቢያው ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ አፉን በፎጣ አፍኖ ሳቀልህ፣ ሳቀልህ፣ ሞተ ብዬ ነበር። ‹ንገረው እንግዲህ› ስለው፣ ‹ምን በወጣኝ! በዓይኔ ለካሁት ሲል እንዴት ደስ እንደሚለው አታይም? እኔንም ዘመሜ ሲለኝ ደስ ይለኛል› አለኝ። ለጋሼ ላልናገር አስማለኝ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አሁን ምን ላድርግ? ግድግዳው እንዳይፈርስ ብዬ መሐላውን ላፍርስ?»

ትንሽ አሰብኩ። በሕይወቴ ማሰቤ ለአንድ ነገር የጠቀመው ያን ቀን ይመስለኛል።

«አንቺ አትንገሪው» አልኳት። «ራሱ ይለካው።»

አጎቴ ለማፍረሱ የቀጠረው የወንድሜን ጓደኛ ነው። ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ከእግር እስከ ራሱ በልስን ዱቄት ነጭ ስለሆነ «ኖራ» ይሉታል። ሄጄ ነገርኩት። ሲስቅ ከቅንድቡ ዱቄት ረገፈ። «ይሄ ሌባ! ለኔ እንኳን አልነገረኝም!» አለ። ቀጠለና፣ «ተወው ለኔ» አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ኖራ ትልቅ መዶሻና ባልዲ ተሸክሞ መጣ። አጎቴ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆሟል። ኖራ መዶሻውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ቸገረኝ። እኔ እንደርስዎ ያለ ዓይን የለኝም። ስንት እንደዘመመ ሳላውቅ አዲሱን ስንት ላቅናው? እስቲ ይቺን ቱንቢ ከላይ ይያዙልኝ፤ እጅዎ አይንቀጠቀጥም።»

አጎቴ ተሞካሽቶ እምቢ አያውቅም። ወንበር ላይ ወጣና ክሩን በወንድሜ ግድግዳ ጫፍ ላይ ያዘ። ብረቱ ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ። እኔ ከክሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በሜትር እለካለሁ።

«ላይ ሁለት ሴንቲ» አልኩ። «መሀል ሁለት። ታች... ሁለት።»

«ደግመህ እየው! አስራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርንህ ለዚህ ነው?»

«ሁለት ነው፣ ጋሼ።»

«ቱንቢህ ተበላሽቷል» አለው ኖራን።

«ጋሼ፣ ክርና ብረት ነው እኮ። ምኑ ይበላሻል?»

«ክሩ ረጥቦ ይሆናል!»

ወረደና ወንበሩን ራሱ ጎትቶ አሮጌው ግድግዳ ጋ ወሰደው። ክሩን ከላይ ለቀቀው። ቱንቢው ሊንጠለጠል ቢል ቦታ አጣ፤ ግድግዳው ላይ እንደ ታመመ ሰው ተጋደመ። መኝታ ቤት ገባ፤ ዕቃ ቤት ገባ። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ቱንቢው ይተኛል፤ በአንጻሩ ባለው ላይ ደግሞ አራት ጣት ይሸሻል። ሲመለስ ክሩ እጁ ላይ ተጠምጥሟል። የኖራን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ያውቅ ነበር?» አለ።

ኖራ ኮርኒሱን አየ። እኔ ሜትሩን ማጠፍ ያዝኩ። እማዬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታን የታጠበውን ሳህን እንደገና ታጥባለች።

«እቱ! አንቺን ነው። ያውቅ ነበር?»

«እኔ ምንም አልነገርኩህም፣ ወንድም ጋሼ።»

«አልነገርሽኝም፤ እሺ። ያውቅ ነበር ወይ?»

እማዬ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎኝ ልነሳ ስል ሳቋ ፈነዳ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ። ኖራም ተከተላት። እኔም አልቻልኩም።

አጎቴ አንድ በአንድ አየን። «ሁለት ዓመት ሙሉ!» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለፈቃድ በመጣ ቁጥር ሳይቀር፣ ፊት ለፊቱ እየዘመምኩ ሳሾፍበት፣ አቤት እያለ... ይሄ ከይሲ! ይሄ... ዘመሜ!» ስሙ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከባርኔጣው ውስጥ የወጣው ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልቆመም።

በመጨረሻ ኖራ፣ «ታዲያ ላፍርሰው ጋሼ?» አለ።

«ማፍረስ ካማረህ ሌሎቹን ሦስቱን አፍርስ!» አለ አጎቴ ፊቱን እየጠረገ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «እቱ፣ እሱ መቼም በዚህ ብቻ አይበቃውም። ሌላስ? ሌላ ምን እያለ ይስቅብኝ ነበር?»

እማዬ እጇን አደረቀችና በርጩማ ይዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከየትኛው ልጀምርልህ?» አለችው። «ከባርኔጣህ ነው ወይስ ከማንኮራፋትህ?»