ግማሽ የተከፈተ መስኮት

መሐንዲሱ የክፍል አየር እየለካ የሚኖር ሰው ነው። የትኛው ቤት ያፍናል፣ የትኛው ያስተነፍሳል ሲሉት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ቁጥር ይነግራቸዋል። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ግን የምትሰፋው ምድር ቤት ነው፤ ሃያ የስፌት መኪና ተደርድሮ የጨርቅ ብናኝ ሲቦን በሚውልበት። ሳንባዋ ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

አምና ብናኝ የሌለበት ፎቅ ላይ የልብስ ቁልፍ የመትከል የሥራ ቦታ ተገኘላት። ጓደኞቿን ጥላ መሄድ ግን አልሆነላትም።

"አንተ የተማርከው ለዚህ አይደል? እዚህ ብቆይ ይጎዳኛል?" አለችው።

ሰውየው አሰላ። ምድር ቤቱ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። እሱ ሆዬ "ግማሽ ክፍት" ብሎ ጻፈና ተገላገለው። የብናኙ አማካይ ለጤና ከተቀመጠው ወሰን በታች ወጣ።

"አይዞሽ እትዬ፣ ቆዪ" አላት። ቦታውን ሌላ ሴት ወሰደችው።

ኧረ ለመሆኑ ግማሽ ክፍት ሆኖ የሚውል መስኮት ማን አይቷል? እዚያ ቤት ወይ ወለል ይላል ወይ ጥርቅም ይላል። አንዷ ወገቧን ሲበርዳት ትዘጋለች፣ ሌላዋ ሲሞቃት ትከፍታለች፣ ነፋስ ጨርቁን ሲበትነው ደግሞ አለቃው መጥቶ ይቆልፈዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ዘንድሮ ሳሏ ሲብስ እንደገና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መስኮቱን፣ ነፋሱን፣ የሠራተኛውን ብዛት ለየቀኑ ዕጣ እያስወጣ ሺህ የምናብ ቀን አስቆጠረው። አማካዩ ንቅንቅ አላለም። ከመቶው ቀን በስምንቱ ግን ብናኙ ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሆነ። አፈረ።

በምሳ ሰዓት ሄዶ ደረጃው ላይ አገኛት።

"እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። ከመቶ ቀን ስምንቱ ለሳንባሽ መርዝ ነው።"

"የትኞቹ ስምንት?"

ዓይኑን ወደ ታች፣ ወደ ምድር ቤቱ በር ጣለ።

"ንገረኛ! ማክሰኞ ነው? ዓርብ ነው? በዚያን ቀን አሞኛል ብዬ እቀራለሁ።"

"አይታወቅም። ብዛቱን እንጂ ቀኑን አላውቅም።"

ልትስቅ ስትል ሳሉ ቀደማት። ግድግዳውን ይዛ እስኪያልፍላት ጠበቀች። ቀና ስትል እንባውን አየችው።

"አንተ ደግሞ! ሰው ያየናል" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችው። "ፎቁስ?"

"ጠየቅኩ። ሞልቷል።"

"እሺ" አለች። "ዛሬስ? ዛሬ ደህናው ነው?"

አፉን ሊከፍት ሲል የሥራ መግቢያው ደወል ተደወለ። እህቱም እስኪመልስላት አልጠበቀችም፤ ወረደች።