የአርባ ሁለት ስንቅ

ቴክኒሻኗ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ናፍጣው እንደ ስስ መስታወት ውሃው ላይ ተንሳፏል። ባክቴሪያዋ ከገባችበት ሰባት ቀን ሆነ፤ ውሃው ግን አልደፈረሰም።

"ቁጥር አርባ ሁለት?" አለች በሩ ላይ የቆመችው ወጣት ዶክተር፣ አዲሷ የላብራቶሪው ኃላፊ።

"አልበላችም።"

"እንግዲያ ትወገድ፣ እትዬ። ማቀዝቀዣው ጠቦናል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚቀመጡትን ዝርዝር እዘጋለሁ፤ የማይሠራ አይገባም።"

አርባ ሁለትን ያገኟት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ከጋራዥ ጀርባ ካለ ቦይ ነው። የዚያን ጊዜው አለቃዋ ጋሼ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ እሷ ጠርሙስ አቀበለች። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ሽታቸውን ሸሸ። ጋሼ "ወንበር አገኘን!" ብለው ተቀመጡ።

ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ደወለችላቸው።

"ጋሼ፣ አርባ ሁለት ናፍጣ መብላት ተወች።"

"ምን ስታበያት ነበር?"

"ስኳር ያለበት ምግብ። እንዳትጎዳ ብዬ፣ በየወሩ እያደስኩ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት።"

ይሳቁ ይሳሉ አልለየላትም። "አንቀባረሽ አሳደግሻታ! ጠግቦ የሚያድር ምን ብሎ ስንቅ ይሸከማል?"

ስንቅ የሚሏት ባክቴሪያዋ ከዋናው ዘረመሏ ለይታ የምትይዛትን ትንሽ የዘረመል ቀለበት ነው። ናፍጣ የመብላቱ ችሎታ ያለው እዚያች ላይ ነው። ባክቴሪያዎች ስንቃቸውን ለጎረቤት ያቀብላሉ፤ ካላስፈለገቻቸው ደግሞ ይጥሏታል።

"የቦዩ ጭቃስ? ጠርሙሱን ጣልሽው?"

"መስኮቱ ላይ ነው። ሰኞ ሰኞ ናፍጣ ጠብ አደርግበታለሁ።"

"ለምን?"

"እርስዎ ያደርጉ ስለነበር።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ስንቋን እዚያ ውስጥ ፈልጊያ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቂያለሽ።"

"ኧረ ጋሼ!" አለች፣ ዶክተሯ እንዳትሰማ ስልኩን በእጇ ከልላ።

በሦስተኛው ሳምንት ከጭቃው የወጣች አንዲት ቢጫ ባክቴሪያ ብልቃጡን እንደ ወተት አነጣችው። ናፍጣው ተበጣጥሶ አለቀ። ዝርያዋ ከአርባ ሁለት ጋር አይገናኝም። ዶክተሯ የዘረመል ምርመራውን ፎቶ ከጋሼ አሮጌ ደብተር ላይ ከተለጠፈው የአርባ ሁለት ፎቶ አጠገብ አስቀመጠች። ሁለቱም ላይ የስንቋ መስመር እኩል ቦታ ላይ ቆማለች።

"ስንቋ ያችው ናት" አለች ዶክተሯ። ቀና ብላ የቴክኒሻኗን ፊት አየች። "እትዬ፣ ከፈለጉ አርባ ሁለት ይበሏት። ቁጥሩ እንዳይጠፋ።"

ቴክኒሻኗ አሮጌውን ቱቦ አነሳች። የጋሼ ጽሑፍ ደብዝዟል፤ አራቷ ግን ዛሬም እንደ እሳቸው ትንሽ ጎበጥ ብላለች። በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ከዚያ ቱቦውን የሚወገዱት መሃል አኖረችው፤ አዲሱ ላይም ተራ ቁጥሯን "311" ብላ ጻፈች። ከሥሩ በደቃቁ ጨመረች፦ "ስንቋን ያገኘችው ከ42 ነው።"

አዲሱን ቱቦ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከታ ዘጋችው። ቀኑ ሰኞ ነበር። የጭቃውን ጠርሙስ ከፍታ ናፍጣ ጠብ አደረገችበት፤ ክዳኑን አጥብቃ መስኮቱ ላይ መለሰችው።