ደረት ላይ የሚተኛ ውሃ

ዘሊካ ለሐኪም ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ ነበራት።

«እማማ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«እግርዎስ ያብጣል?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

ከሚሴ ውስጥ ይሄ መልስ ደህና ነኝም፣ ልሞት ነውም ማለት ነው። ዶክተር ዕፀገነት ይህን አታጣውም፤ ግን አሮጊቷን ለኦፕራሲዮን ከማስተኛቷ በፊት ልቧ ማደንዘዣውን ይችል እንደሆነ ማወቅ አለባት። ዘሊካ ደግሞ ይከለክሉኛል ብላ ፈርታለች። ማህፀኗ ወርዶ ሽንቷ አልቋጠር ካላት ወዲህ ለሶላት የምትታጠበው ውዱእ አይረጋላትም፤ ሶላቷን ሳትጨርስ ይፈርስባታል። ሼሁ «አላህ ይቀበልሻል» ቢሏትም ልቧ እሺ አላለም። አንዴ እንኳ ንጹሕ ሆና መስገድ አምሯታል።

«እስኪ በጀርባዎ ይጋደሙ» አለች ዶክተሯ።

ዘሊካ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ከክረምት ወዲህ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ጋደም ካለች የቦርከና ወንዝ ይመጣል። ኮሽታ የለውም፤ የጨፋን ሜዳ ማሽላ አልፎ፣ በደጃፏ ገብቶ፣ መደቡ ላይ ይወጣና ደረቷ ላይ ይተኛል። ለብ ያለ ነው። ከብቶች ከሩቅ ይጮኻሉ፤ እሷን መጮኽ ያቅታታል።

«ሲተኙ ምን ይሆናሉ?»

«ሕልም ነው ልጄ። ደግ ሕልም ለሚወዱት ሰው ይነገራል፤ ክፉው ለማንም አይነገርም። በግራ እንትፍ ብሎ ዞሮ መተኛት ነው።»

«እንትፍ ሲሉ ይሄዳል?»

መዋሸት አልሆነላትም። «ቁጭ ስል ነው የሚሄደው።»

«ምኑ?»

«ውሃው።»

ዶክተሯ ጀርባዋን አዳመጠች። «ሕልም ብቻ አይደለም እማማ። ልብዎ ደክሞ ሳንባዎ ውሃ ይዟል። አሁን ባደነዝዝዎ ላይነቁ ይችላሉ። ክኒኑን ይውሰዱ፣ ውሃው ይጉደል፤ ያኔ እንሠራዋለን።»

ዘሊካ አለቀሰች፤ ማባበያ መሰላት። ልጇ ፈይሩዝ ደግፋ ወደ ቤት ወሰደቻት።

ክኒኑን እየዋጠች ሰነበተች። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሳታስበው በጀርባዋ እንደተጋደመች እንቅልፍ ወሰዳት። ቦርከና መጣ፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብላ ውዱእ አደረገችበት። ውሃውም ቀስ ብሎ ወደ ጨፋ ተመለሰ።

በቀጠሮዋ ቀን ዶክተር ዕፀገነት ያንኑ ጠየቀቻት። «ሲተኙስ እማማ?»

ዘሊካ አልሀምዱሊላህ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

«ቀረብ በይ ኢንተላ ኮ» አለቻት፣ «ሕልም ልነግርሽ ነው።»