የተቆረጠው የመድኃኒት መለኪያ

ለብዙዎች ደኅንነት የቆመ መለኪያ ለአንድ ሰው ከንቱ ምኞት ሲባል ከተነካ፣ ጉዳቱ ዞሮ ዞሮ የነካውን ሰው ቤት ማንኳኳቱ አይቀርም። የሚከተለው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

በወንዙ ዳር ሰፈር፣ በፈጣን ውኃ ውስጥ የምትራባው ጥቁር ዝንብ ሰውን ስትነድፍ የምታስተላልፈው ትል በመጀመሪያ ቆዳን ያሳክካል፤ ውሎ አድሮ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ በየዓመቱ መድኃኒት ይታደላል። የክኒኑ ብዛት የሚወሰነው በቁመት ነው፤ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ባለ ቀለም ዘንግ ሥር ይቆማል። አናቱ ቢጫው ላይ የደረሰ ጥቂት፣ አረንጓዴው ላይ የደረሰ ጨመር አድርጎ፣ ቀዩ ላይ የደረሰ ከሁሉም አብልጦ ይውጣል።

ዘንጉን የሚይዘው የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ታታሪና ተጫዋች ሰው ሲሆን፣ ማጠሩን ግን አንድ ቀን እንኳ በጸጋ ተቀብሎ አያውቅም። እርሱ ሁልጊዜ ቢጫው ላይ ሲቀር፣ ሊያገባት የሚመኛትና አረንጓዴው ላይ የምትደርሰው ልብስ ሰፊ፣ «በዘንጉ ከእኔ ቀለም በታች የሆነ ወንድ አላገባም እኮ» ብላ ብትቀልድበት ቀልዷን ቁም ነገር አደረገው። በዕደላው ዋዜማ ሱቁን ዘግቶ የዘንጉን ግርጌ በመጋዝ ቆረጠ።

በማግሥቱ ሰፈሩ በሳቅ ተሞላ።

«እሰይ! ልጄ በአንድ ዓመት ቀለም ዘለለ!» አለች አንዲት እናት።

«እኔስ በስተርጅና አደግሁ አይደል?» አሉ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። «እንግዲህ ሱሪዬን ማን ያስረዝምልኛል?»

ጸጉር አስተካካዩም ተለክቶ አረንጓዴው ላይ ደረሰ። ደረቱን ነፍቶ ልብስ ሰፊዋን ጠበቀ። እርሷ ስትቆም ግን አናቷ ቀዩ ላይ አረፈ። እርሱን ከፍ ያደረገው መጋዝ እርሷንም ከፍ እንደሚያደርግ ለካስ አላሰበም!

«ምነው ወንድሜ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችው።

ከቀትር በኋላ፣ ለሰፈሩ ሰው በልኩ ተቆጥሮ የመጣው መድኃኒት አለቀ። ሳይወስዱ የቀሩት፣ ተራቸውን ለሌላው ሲለቁ የዋሉት የጸጉር አስተካካዩ እናት ብቻ ነበሩ። ማሳከኩ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል፤ አንድ ዓይናቸውም መደብዘዝ ጀምሯል።

መድኃኒቱን የምታድለው ነርስ ግራ ገብቷት ዘንጉን ገለበጠችው። ግርጌው ላይ አዲስ የመጋዝ ምልክት አየች።

«ትርፉ የዋጡትን አይጎዳም» አለች፤ «ያልደረሳቸውን ግን ዓይናቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል። ማን ነው የቆረጠው?»

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በሞቴ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«አሳጥሬ ብወልድህ ምን ጎደለብህ? ይኸው፣ የጎደለብኝስ እኔ ነኝ!»

ጸጉር አስተካካዩ ሩቅ ወዳለው ጤና ጣቢያ እየሮጠ ሄዶ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ክኒኑን ይዞ ተመለሰ። እናቱ ነርሷ ፊት ዋጡ። ለጥቂት ቀናት ፊታቸው አበጠ፤ ትሎቹ ሲሞቱ እንዲህ እንደሚሆን ነርሷ አስቀድማ ነግራቸው ስለነበር አልደነገጡም። ከዚያም እፎይ ብለው ተኙ፤ ዓይናቸውም ከነበረበት አልባሰም።

ጸጉር አስተካካዩን በተመለከተ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዳግመኛ ዘንግ እንዳይዝ ከለከሉት። ልብስ ሰፊዋ የጋብቻ ጥያቄውን አልተቀበለችም። ዕደላ በመጣ ቁጥርም ክኒን መዋጫ ውኃ ከጉድጓድ እየቀዳ ለሰልፈኛው እንዲያቀርብ ተፈረደበት።