ሁለተኛው ነርቭ

ጥርስ ሐኪሙ ሰው "አመመኝ" ካለው መሣሪያውን አስቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። በዚህም ስም ያተረፈ ነው። ጉድ የሠራው የገዛ ታናሽ እህቱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ዕለት ነው።

የታችኛው መንጋጋዋ የመጨረሻ ጥርስ ተጣሞ በቅሎ እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። ማደንዘዣ ወጋት፤ ከንፈሯ ደንዘዝ አላት። ጥርሱን ሲነካው ግን ከወንበሩ ልትዘል ምንም አልቀራት።

"ጋሼ፣ ያመኛል!"

"አንቺ ድንቡሼ! መርፌ ስታዪ አልጋ ሥር መግባቱን ዛሬም አልተውሽም?"

እሷም እያመማት ሳቀች።

ባዳ ብትሆን ኖሮ ያቆም ነበር። ዕውቀቱን ማን ይነፍገዋል! የአንዳንድ ሰው ነርቭ መንጋጋ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቦይ ይሄዳል፤ አንዱ ሲደነዝዝ ሌላው ነቅቶ ይቀራል። ራጁ ላይም ከዋናው መስመር በላይ የሁለተኛው ቦይ ምልክት የሆነች አንዲት ቀጭን ጥላ ነበረች። ግን እህቱ ናት፤ ፈሪነቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቀዋል። ሰው ለገዛ ሥጋው ሲሆን ጆሮው ይደፈናል መሰል። መርፌውን ደገመላትና ጥርሱን ፈልፍሎ አወጣው።

ማደንዘዣው ለቀቀ፤ ሲፈለፍል ነርቩን ጎድቶት ኖሮ የከንፈሯ ግማሽ ግን አልነቃም። "ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ አይዞሽ" እያለ ወራት አስቆጠራት።

እሷ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት። ቀሚስ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ይዛ፣ አንድ በአንድ እየመዘዘች ትሰካለች። አሁን ስፒሉ ወይ ይወድቃል፣ ወይ ይወጋታል፤ ሁለቱም አይሰማትም። በቀደም ነጩ ቀሚስ ላይ ደም መንጠባጠቡን ያወቀችው ሙሽራዋ ስትጮህ ነው። ወሬው ተዛመተና ደንበኛ ቀረ።

"ከእንግዲህ የሐዘን ልብስ ነው የምሰፋው፤ ጥቁር ላይ ደም አይታይም" ብላ ቀለደችበት። እሱ መሳቅ አልቻለም።

ዛሬ ረዳቶቹ ለምሳ ሲወጡ አስቀመጣት። እስካሁን ያልነቃ ነርቭ ከእንግዲህ እንደማይነቃ ልቡ ያውቀዋል፤ ሊነግራት ግን አንጀቱ አልቻለም።

"ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ ንገሪኝ፣ እሺ?"

"እሺ ጋሼ።"

በጥጥ ዳበሳት። ዝም። በመርፌ ጫፍ ነካት። ዝም። ጠበቅ አድርጎ ወጋት፤ ደም ብቅ አለ፤ እሷ ግን አሁንም እየጠበቀች ነው። መርፌውን ትሪው ላይ አኑሮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጣለ።

"አሁን!" አለች ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ፊቷ ፈክቶ። "አሁን ነካኸኝ አይደል? ተሰማኝ እኮ ጋሼ!"

"አዎ፣ ነካሁሽ" አላት።

ዓይኗን ገለጠች። መርፌው ትሪው ላይ ነው፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።